ሃይላንድ ላይ የበቀለ ቄጠማ

የሺዋስ ቤታችን ሲመጣ የሚጠጣበት የራሱ ጣሳ ነበረው። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ ከጓሮ በር በላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሌላ ሰው አይነካውም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ለእሱ ብቻ ዕቃ መመደቡን እንደ ትልቅ ክብር ነበር የማየው። አንድ ቀን እናቴን «ለእኔም የራሴን ጣሳ ስቀይልኝ» ብላት በመዳፏ አፌን መታችኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልነገረችኝም።

እሱ ሲገባ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ቃለ አብን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ነፋስ እንዳይመታው ይመስለኝ ነበር። በሩ ተዘግቶ ነፋስ በሌለበት ቀንም ትሸፍነዋለች። «አያ የሺዋስ» ብዬ ስጠራው ደግሞ «‹አያ› አይባልም፤ የሺዋስ በይው» ትለኛለች። ገና ሠላሳ ስላልሞላው ነው ብዬ ተቀበልኩ። ጎረቤታችንን አሻግሬን ግን፣ ከእሱ በሁለት ዓመት የሚያንሰውን፣ «አያ አሻግሬ» እል ነበር።

የየሺዋስ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገሩ ማረሻ፣ ማጭድና ወስፌ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ሰው ብረታቸውን ይዞ ይሄዳል፤ እህላቸውን ግን አይቀምስም፤ ጽዋ ማኅበርም አይጠራቸውም። እነሱ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው፣ አባቱ ከሞቱ በኋላ የሺዋስ ከኮሶዬ ተመልሶ መምጣቱንና ማንም የማይፈልገውን ሃይላንድ መሰብሰብ መጀመሩን ብቻ ነው።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡት የቱሪስት መኪናዎች ሲያልፉ እኛ ልጆች አስፋልት ዳር ተሰልፈን «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን እንጮሃለን። ውሃውን የጠጡበትን ባዶ ፕላስቲክ በመስኮት ይወረውሩልናል፤ እኛ እንራኮትበታለን። ደህና ሃይላንድ ትልቅ ነገር ነበር። ጠላ ይያዝበታል፣ ላምባ ይቀዳበታል፣ ጠበል ይመጣበታል። የሺዋስ የሚለቅመው ግን ክዳን የሌለውን፣ አፉ የተሰነጠቀውን፣ ቦይ ውስጥ የወደቀውን ነው። ቢላ በእሳት ያግላል፤ የፕላስቲኩን አፍ አቅልጦ ይደፍናል። ከዚያ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ይጨምቀዋል። አየር ካልወጣ ፈገግ ይላል።

ከቤታችን በታች ኩሬ አለ። ከሥሩ ምንጭ ስላለው በበጋም አይደርቅም፤ ሰዉም ከብቱም ከእሱ ነው የሚጠጣው። ከጥር ጀምሮ ግን ላዩ አረንጓዴ ነገር ይለብስና ይሸታል። የሺዋስ ከትንሣኤ በኋላ ከኩሬው ዳር ተቀምጦ መሥራት ጀመረ። የባሕር ዛፍ አጣናዎችን አጋድሞ በሲባጎ አሰራቸው። የተደፈኑትን ሃይላንዶች በማዳበሪያ ከረጢት እየጠቀጠቀ ከአጣናው ሥር ሰደረ። ከላይ የተቀዳደደ አጎበር ዘረጋ፤ በአጎበሩ ላይ ጭድና ጭቃ ደለደለ፤ በጭቃው ላይ ቄጠማና ፊላ ተከለ። ስፋቱ ሁለት የቤት በር ቢጋደም ያህል ነው።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«መሬት ነው።»

«መሬት ውሃ ላይ ይቆማል?»

«ይኼ ይቆማል። ሆዱ ባዶ ነው።»

አሻግሬ ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ያይ ነበር። «ኧረ እዩልኝ!» አለ። «ደረቁ ላይ ርስት ቢያጣ ውሃ ላይ ርስት ያዘ!» ሁሉም ሳቁ። የሺዋስም ሳቀ። እኔም እሱ ሲስቅ አይቼ ሳቅኩ።

በሰኔ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ የሺዋስ መሬቱን ወደ ኩሬው ገፋው፤ ተንሳፈፈ። ከዳር በተተከለ ችካል ላይ እንደ ጥጃ በገመድ አሰረው። ቋጠሮውን ለእኔ አሳየኝ፤ ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ጫፉን በጣት ሳብ ሲያደርጉት ግን ባንድ ጊዜ ይፈታል። «ኮሶዬ ከበቅሎ ሳቢዎች ነው የተማርኩት» አለኝ። «እዚህ አገር ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም።» ለብዙ ቀን የእናቴን መቀነት ከምሰሶው ጋር በዚያ ቋጠሮ እያሰርኩ እፈታ ነበር።

ኮሶዬ አጠገብ ባለ አንድ የቱሪስት ማረፊያ ሁለት ዓመት አትክልት ሲያጠጣ ነበር የኖረው። ያንን ዓይነት መሬት ያየውም እዚያ ነው። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው፣ ከውሃው ውስጥ እጁን አውጥቶ በሱሪው ላይ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። የውሃውን በሽታ ይጠጣል።»

«ከዚያ በሽታው የት ይሄዳል?»

«ቅጠል ይሆናል። ቅጠሉን አጭደን እንጥለዋለን፤ አለቀ።»

በመስከረም ቄጠማው እስከ ደረቴ ደርሶ ነበር። ሁለት የውሃ ወፎች፣ ይብራዎች፣ መሐሉ ገብተው ጎጆ ሠሩ። ከሥሩ ያለው ውሃ ጠርቶ ድንጋዩ ይታይ ጀመር፤ ግን ከሥሩ ያለው ብቻ። ኩሬው ሰፊ ነው፤ መሬቱ ትንሽ ነው። «ሦስት ልጨምር ነው» ይል ነበር የሺዋስ፤ «እስከዚያው ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ።» ውሃ ማፍላት የሚባል ነገር ሴቶቹን አሳቃቸው። «ቀጥቃጭ ሁሉን ነገር በእሳት ይለዋል» አሉ።

በጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ቃለ አብ ታመመ። ዘጠኝ ወሩ ነበር። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ጨርቅ አልበቃ አለ። ዓርብ እስከዳር መጣች። እስከዳር የቀበሌው የጤና ሠራተኛ ናት፤ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሁልጊዜ ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችና ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ።

«የኔታ፣ ዛሬውኑ ደባርቅ ይውሰዱት» አለችው አባቴን። «ነገ አይባልም። ሲያለቅስ እንባ የለውም፤ አዩት?»

እንባ ከሌለው አልከፋውም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«አየን እንጂ፣ ልጄ» አለ አባቴ። እስከዳር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው፤ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትም ትታ ሄደች። ያን ዱቄት እናቴ የበጠበጠችው በኩሬው ውሃ ነው።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የድጓ አስተማሪ ነበር። ክታብም ይጽፋል። ለዓይነ ጥላ፣ ለሾተላይ፣ ለሕፃን ለቅሶ ክታብ ፍለጋ ከመካነ ብርሃን ድረስ በእግር የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእናቴን ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ብንወስደውስ?»

«ሠርካለም፣ የኔታ ልጁን ሐኪም ቤት ወሰደ ሲባል፣ ነገ ማን ነው ደጄን የሚረግጠው?»

እኛ ደባርቅ ስንሄድ እንግዶች መጥተው ቤቱን ዝግ እንዳያገኙት ነው የተጨነቀው ብዬ አሰብኩ። አባቴ እንግዳ አክባሪ ነበር። ቀለሙን በጠበጠ፣ ብርዑን ቀረጸ፣ አጎንብሶ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ጽሑፉን ጠቅልሎ በቀይ ቆዳ ሰፋና በቃለ አብ አንገት ላይ አሰረው። ክታቡ ከአንገቱ ይከብድ ነበር።

እሑድ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ቅዳሴ ሄደ። እናቴ ሦስት ቀን አልተኛችም፤ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ቃለ አብ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ወደ ጣሪያው ያያል። ውሃ ነው ያመመው ብላ ነበር እስከዳር። ታዲያ የውሃን በሽታ የሚጠጣው ነገር እዚያ ማዶ ታስሮ ነው ያለው፤ የታመመው ሰው ደግሞ እዚህ ነው። ለምን እስከዛሬ ማንም እንዳላሰበው ገረመኝ።

ወደ ኩሬው ወርጄ የቋጠሮውን ጫፍ በጣቴ ሳብ አደረግሁት። ተፈታ። ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በኩሬው ዳር መራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አልነቃነቅም አለ፤ ከዚያ እንደ ለማዳ ላም ተከተለኝ። ይብራዎቹ ጮሁ ግን አልበረሩም። ቤታችን ፊት ስደርስ እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። «ጠጪለት» አልኳት መሬቷን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሰው ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ገመዱን ውሃ ውስጥ ጥዬ ሮጥኩ።

መጀመሪያ ያየው አሻግሬ ነው። 

«ኧረ ጎበዝ! ይኼ ነገር ትናንት ማዶ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ነፋስ አልነፈሰ! በምኑ ተሻገረ?»

«በባለቤቱ ነዋ» አለች አንዲት ሴት ዝግ ብላ። «የሕፃኑን ሽታ ተከትሎ መጣ።»

ወንዶቹ በመንሽ ስበው ወደ ዳር አወጡት፤ በአንድ ጎኑ ገለበጡት። ሥሩ ከአጎበሩ ሥር ክንድ የሚያህል ወርዶ ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ውሃ ያንጠባጥባል። «የሰው ጸጉር ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ይብራዎቹ ያን ጊዜ በረሩ። ከጎጆው የወደቁትን እንቁላሎች አሻግሬ በጫማው ረገጣቸው።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣ መቋሚያውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ነጠላውን ጎተትኩ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት። የቃለ አብን በሽታ እንድትጠጣለት ብዬ ነው።»

ወደ ጎን ወሰደኝ። ቁጭ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «ለማን ነገርሽ?» አለኝ።

«ለማንም።»

«ለማንም አትንገሪ። እናትሽ ከሰማች ትሞታለች።» ራሴን ዳበሰኝ። እጁን ሳምኩት። አባቴ ከሰዉ ቁጣ ሊያድነኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ለብዙ ዓመታትም በልቤ ሳመሰግነው ኖርኩ።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰዉ ሄደና «የሺዋስን አምጡት» አለ።

ልብሱን አንቀው አመጡት። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። የተገለበጠውን መሬቱን አየ፤ ጎንበስ ብሎ የገመዱን ጫፍ አነሣ። አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም፣ ተፈትቷል። ጫፉን በጣቶቹ መሐል አዙሮ አዙሮ አየውና ቀና አለ። በሰዉ መሐል ፈለገኝ፤ አገኘኝ። የጭቃ እግሬን አየ።

«ነፋስ ፈትቶት ይሆናል» አለ።

እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሺዋስ የገዛ ቋጠሮውን አለማወቁ ነው። ሞኝ መሰለኝ።

እናቴ ቃለ አብን ታቅፋ ወጣች። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። አሻግሬ የሺዋስን ከኋላ ገፋው። «እንትፍ በልበትና ልቀቀው!»

በእኛ አገር እንደዚያ ነው፤ የበላው ሰው ምራቁን እንትፍ ካለበት የተበላው ይድናል ይባላል።

«እንትፍ ካልኩ፣ እኔ ነኝ የበላሁት ማለቴ አይደል?» አለ የሺዋስ።

«ካላልክም አንተ ነህ!» አለች ያችው ሴት።

የሺዋስ ከሰዉ ሁሉ ዞሮ ወደ አባቴ ተመለከተ። «የኔታ፣ ልጁ ውሃ አልቆበታል። ይስጡኝና ተሸክሜ ደባርቅ ላድርሰው። አቋራጩን ብይዝ ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም። ካላመናችሁኝ አብራችሁኝ ሩጡ።»

«በአንተ እጅ?» አለ አሻግሬ። በዱላው ጫፍ ጉልበቱ ላይ መታው። የሺዋስ ተንበረከከ። ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመታ አላውቅም፤ በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተደበቅኩ። ስወጣ አፍንጫው ይደማል፤ አሁንም አባቴን ብቻ ነው የሚያየው።

«እንትፍ ካልኩ ትወስዱታላችሁ? ዛሬውኑ?»

«እወስደዋለሁ» አለ አባቴ።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

የሺዋስ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አለ። አፉ ደርቆ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ምንም አልወጣም። ሰዎች ሳቁ። በሦስተኛው ትንሽ ምራቅ ከደም ጋር ተቀላቅላ በቃለ አብ ግንባር ላይ ወደቀች። እናቴ በመዳፏ እየጠረገች ደረቱንና ሆዱን ቀባችው። ቃለ አብ ዓይኑን ገልጦ አቃሰተ። እልልታው ቀለጠ።

«አያችሁ! ለቀቀው!»

«የኔታ፣ አሁን…» አለ የሺዋስ ከመሬት።

አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «የበላው ከለቀቀው ሐኪም ምን ሊያደርግ?» አለ። አንድ ሰው መኪና ላስቁም ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር፤ ጠርተው መለሱት።

ቃለ አብ ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተ።

የሺዋስ በልቶታል፤ በሰው ፊት አምኗል፤ ምራቁ የዘገየው እምቢ ስላለ ነው። መንደሩ እንደዚህ አለ፤ እኔም እንደዚህ አመንኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንኳ አምን ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ፦ መሬቷን ያመጣሁበት እኔ ነኝ። አባቴ ያውቃል፤ አልተናገረብኝም። ስለዚህ በዓለም ላይ ከአባቴ የሚበልጥ ደግ ሰው አልነበረም።

ከቀብር መልስ የሺዋስን ቤት አቃጠሉት። መሬቱንም አብረው አቃጠሉት። ቄጠማው እርጥብ ስለሆነ እምቢ አለ፤ ሃይላንዶቹ ግን እየፈነዱ ነደዱ። ጥቁሩ ጭስ ሁለት ቀን ኩሬው ላይ ተኛ፤ እንጀራው ሁሉ ላስቲክ ላስቲክ ይል ነበር። ቡዳው እየወጣ ነው አሉን። ልጆች አፍንጫችንን ይዘን አየነው።

እሱ እያነከሰ በአስፋልቱ ወደ ደባርቅ ሄደ። ጀርባው ላይ አንድ ጆንያ አለ። እኛ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተከተልነው፤ ለቱሪስት በምንጮህበት ድምፅ ጮህንበት። ትልልቆቹ ድንጋይ ወረወሩ። እኔ ድንጋይ መወርወር ፈራሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ሃይላንድ ወረወርኩ። ትከሻውን መታው። ባዶ ነው፤ አያምም።

የሺዋስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አነሣው። ጆሮው አጠገብ አድርጎ ጨመቀው፤ አየር አልወጣም። ክዳኑን አጥብቆ ጆንያው ውስጥ ከተተውና መንገዱን ቀጠለ።

አሁን ደባርቅ አስተምራለሁ። ወደ ዳባት በሚኒባስ ስወርድ ኩሬው ከመንገዱ በታች ይታያል፤ ከጥር ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ልጆቹ አሁንም «ሃይላንድ!» ይላሉ። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው፤ በክብር ተቀበረ። የሺዋስ ከመካነ ብርሃን ወዲህ ባለ አንድ መንደር ማረሻ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። የመንደሩን ስም አውቀዋለሁ። ሄጄ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ወንድ ልጅ ወለድኩ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጣችና ከጡቷ መሐል አንድ ነገር በጨርቅ ቋጥራ አወጣች። የቃለ አብ ክታብ ነው። ሊገንዙት ሲሉ ከአንገቱ ፈትታ አስቀርታው ኖሯል።

«የአባትሽ እጅ ነው» አለችኝ። «ቆዳው ስፌቱ ለቋል። አጥብቀሽ ስፊውና ለልጁ እሰሪለት።»

ስፌቱን ስነካው ጥቅሉ ተተረተረ። ብራና አይደለም፤ ወረቀት ነው። በአንድ በኩል የአባቴ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ የተከሸነ፣ አንድም ስርዝ የሌለበት ጽሑፍ። ገለበጥኩት። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በችኮላ የተጻፈ፦ *ቃለ አብ ወልደ ሩፋኤል። ዕድሜ ዘጠኝ ወር። ተቅማጥና ትውከት፣ ከፍተኛ የሰውነት ፈሳሽ እጥረት። በአስቸኳይ ደባርቅ ሆስፒታል ይድረስ። እስከዳር።* ቀኑ ዓርብ ነው።

ሦስት ቀን አንገቱ ላይ ይዞት ነበር። የሺዋስ እንትፍ ሲልበትም አንገቱ ላይ ነበር።

እናቴ ማንበብ አትችልም። «ምን ብሎ ነበር የጻፈለት?» አለችኝ። «አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እስቲ አንብቢልኝ።»

ልጄ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። ወረቀቱን መልሼ ገለበጥኩትና የአባቴን ጎን አነበብኩላት፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ጸሎት በእንተ ሕማመ ዓይነ ሰብእ…» እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ምን የመሰለ ጸሎት!» አለች። «ያ እርጉም ባይቀድመው ኖሮ ያድነው ነበር እኮ። አባትሽ ያልሞከረው ነገር የለም።»

«አዎ፣ እማ።»

ከጨርቋ ውስጥ ወስፌ አውጥታ አቀበለችኝ። የየሺዋስ አባት የሠሯት ናት፤ እስከዛሬ አልዶለዶመችም። ሰማያዊው ጽሑፍ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጌ ጠቀለልኩት፤ ቆዳውን ደርቤ መስፋት ጀመርኩ።